ለቅሶ ላይ የተጣራችው የሜዳ ፍየል

የሰማውን ሁሉ በስልኩ ካላጣራ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እንዲህ ያለ ባልደረባ አለኝ። ሰሞኑን ከሞጣ ቢቸና አብረን ለቅሶ ሄድን። የሟች ታላቅ እህት ደረታቸውን እየመቱ፣ «ወንድሜ! እንደ ሜዳ ፍየል ሲሮጥ ማን ይቀድመው ነበር!» እያሉ ያለቅሳሉ።

የኔው ሰው ስልኩን አወጣ። ሐዘን ቢሆንስ፣ ስህተት እንዴት ይለፍ?

«እማማ፣ አቦሸማኔ ይቀድማታል» አለ። «ምግቧም ሣርና ቅጠል ነው። ደግሞ ፍየል ትባል እንጂ ፍየል አይደለችም።»

እሳቸው እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ስልኩን ትክ ብለው አዩት።

«እንግዲያው ልጄ፣ ወንድሜ መሞቱንም አጣራልኝ። ምናልባት እሱም ስህተት ይሆናል።»

አትፍረዱብኝ፤ እኔም ስልኩን አየሁት።