የጀማሪዎች ደንበኛ እትዬ ዙሌይካ

በየከተማው የጀማሪ እጅ የሚሞከርበት አንድ ሰው አለ። እሱ ባይኖር ኖሮ ልብስ ሰፊውም፣ ፀጉር አስተካካዩም፣ ሾፌሩም ከመጀመሪያ ቀናቸው አያልፉም ነበር። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ይህን ማዕረግ የያዙት ጎረቤቴ ክብርት እትዬ ዙሌይካ ናቸው። ሌላው ሰው "ባለሙያ ማን ነው?" ብሎ ሲጠይቅ እሳቸው "ሰሞኑን የጀመረ ማን አለ?" ይላሉ።

ወይኒቱ ስፌት እንደጀመረች ቀሚስ አሰፉ። አንዱ እጅጌ ክርን ላይ ቀረ፣ ሌላው ጣት አልፎ ወረደ። እትዬ ዙሌይካ ያንን ለብሰው ለዒድ ወጡ። ኡበይድ ባጃጅ በለመደ ሰሞን የመጀመሪያው ተሳፋሪ እሳቸው ነበሩ፤ ከነባጃጁ ሐይቁ ዳር ጭቃ ውስጥ ገቡ። ከጭቃው ሳይወጡ "አብሽር፣ መንገዱ ነው ጠማማ" አሉት። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። የራሳቸው ገላ አልበቃ ሲል ደግሞ የባለቤታቸውን ጨመሩ። አያ ሀሚዱ ጀማሪ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ከተወሰዱ ወዲህ ቆባቸውን አውልቀው አያውቁም።

እኔ እንግዲህ ከጀማሪም ጀማሪ ነኝ። ያኔ ለውጥ መጣ ሲባል "ቱሪስት ይጎርፋል" የሚል ወሬ ሰምቼ አስጎብኚ ሆንኩ፤ ባርኔጣና ፊሽካ ገዛሁ። የመጣው ግን ጦርነት ነው። ሸሽተን ስንመለስ ቤቴ ተዘርፏል። ባርኔጣዬን ሳይቀር ወስደው ፊሽካውን ብቻ ንቀው ትተውልኛል።

እጄ ላይ አንድ ሙያ ይኑር ብዬ ውጫሌ ሄድኩና ሽማግሌ አንጥረኛ ዘንድ መዳብ መቀጥቀጥ ተማርኩ። ሽማግሌው "ብር ሳትነካ አትሂድ" ቢሉኝም እኔ ሁሉም ያው ነው ባይ ነኝና ወናፌን ተሸክሜ ተመለስኩ። ደጄ ላይ "ብርና ወርቅ ሠሪ" ብዬ ጻፍኩ። ወርቅ በእጄ ነክቼ አላውቅም።

እትዬ ዙሌይካ የጽሑፉ ቀለም ሳይደርቅ ደረሱ። የመዳብ ቀለበት ሠራሁላቸው፤ ጣታቸው አረንጓዴ ሆነ። "አብሽር ምስክር፣ አረንጓዴ ደግ ነው" አሉኝ። አምባር ሠራሁላቸው፤ አልወልቅ ብሎ በሳሙና ታግለን አወጣነው። "አብሽር፣ እንዲህ ያለውን ሌባም አይወስደው" አሉ።

አንድ ቀን በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ይዘው መጡ። የእናታቸው የብር አልቦ ነው፣ ከነጥንዱ። በጦርነቱ ጊዜ ጓሯቸው ካለው ሎሚ ሥር ቀብረውት ነው የሸሹት። ቤታቸው ባዶውን ሲቀር እሱ ብቻ ተረፈላቸው። ልጃቸው ዑምኩልሱም ቆፍራ ስታወጣው ግን አንዱን ዶማ ሰበረው። አሁን ኒካዋ ደርሷል፤ የአያቷን አልቦ እግሯ ላይ ሳታደርግ ከቤት አትወጣም ብለዋል።

"እትዬ፣ ይኼን እንኳ ደሴ ቢወስዱት?" አልኳቸው።

"የደሴዎቹ ድሮ ተምረው ጨርሰዋል። በል አንተ በስመአብ በል፣ እኔ ቢስሚላህ እላለሁ።"

መዳብ ሲግል ፍም መስሎ ይቀላል፤ ቀልቶም ይቆይልሃል። እኔ የማውቀው ይህንኑ ነው። የተሰበረውን አልቦ ፍሙ ላይ አድርጌ፣ እንደ መዳብ እስኪቀላ ወናፉን ነፋሁ። ብር የመዳብን ያህል ትዕግሥት የለውም። ድንገት መስተዋት መሰለና ከሰሉ ላይ ተዘረገፈ። የእናታቸው አልቦ ድብልብል ሆኖ ቀረ።

"አብሽር" እስኪሉኝ ጠበቅሁ። አላሉም። ሲበርድ ድብልብሉን መሐረባቸው ውስጥ ቋጥረው ሄዱ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደጄ ላይ የጻፍኩትን በከሰል አጠፋሁት።

በማግስቱ ዓይናቸው አብጦ ተመለሱ፤ ድብልብሉንም ደኅናውንም ይዘዋል።

"አልቅሼ ወጣልኝ" አሉ። "ይኸው፣ ደኅናውን እያየህ ይኼን አልቦ አድርገህ መልስልኝ።"

"እትዬ፣ አሁንም በእኔ?"

"ብር እንዴት እንደሚያመልጥ ካንተ በላይ ያየ ማን አለ?"

ውጫሌ ሄጄ ሽማግሌው እግር ላይ ወደቅሁ። እስኪበቃቸው ከሳቁብኝ በኋላ ብርን ጥላ ውስጥ እያጋሉ፣ ቀለሙን እያዩ ሳይቀልጥ ማንሳት አስተማሩኝ። እየፈራሁ ቀጠቀጥኩ፣ እየፈራሁ ሞረድኩ።

በኒካው ቀን ዑምኩልሱም ሁለቱንም አድርጋ ወጣች። ሴቶቹ ጎንበስ እያሉ የቱ የአያቷ፣ የቱ የእኔ እንደሆነ ተከራከሩ፤ ብዙዎቹ ተሳሳቱ። እትዬ ዙሌይካ ከሩቅ አይተውኝ "ማሻአላህ" አሉ። ዳሱ ጀርባ ዞሬ አለቀስኩ፤ ለጠየቀኝ ጢሱ ነው አልኩ።

ከዚያ በኋላ ገበያ ደራልኝ። እትዬ ዙሌይካ ግን ቀሩ። አንድ ጠዋት የተበጠሰ የአንገት ድሪ ይዘው ደጄን አልፈው ሲሄዱ አየኋቸው። ከመስጊዱ ማዶ ሱሩር የሚባል ጡረተኛ ሾፌር በቅርቡ ወናፍ እንደተከለ ሰምቼ ነበር። ቅናት ያዘኝ። መዶሻዬን እንደያዝኩ ሮጬ ደረስኩባቸው።

"እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?"

"ምንም። እጅህ ተፈታ እኮ ልጄ፤ ከእንግዲህ አንተ ዘንድ ምን እሠራለሁ?"

አንጥረኛነቴን የመሰከረልኝ ሰው ይህን ብሎ ጥሎኝ ሄደ። ኩራትና ቅሬታ አንድ ላይ ሲመጡ እንዴት እንደሚሆን የዚያን ቀን አወቅሁ። እትዬ ዙሌይካ ናፍቀውኛል፤ ስለዚህ ሰሞኑን ዳቦ መጋገር ልጀምር ነው። የመጀመሪያው ማረሩ አይቀርም። ማን እንደሚበላልኝ ግን አውቃለሁ።