ለጠባቂ ልጄን አልሰጥም

በእኛ አገር «ሥራህ ምንድን ነው?» ለሚባለው ጥያቄ መልሱ ከመንገድ ላይ ሆኖ መታየት አለበት። ገበሬ ከሆንክ ማሳህ ይታያል፤ ነጋዴ ከሆንክ ሱቅህ፣ ቄስ ከሆንክ ጥምጣምህ፤ ሾፌር ብትሆን እንኳ ገና ዳገቱ ላይ ሳለህ ጥሩምባህ ይሰማል። የማይታይ ሥራ ያለው ሰው ግን ለዘመዶቹ ጭንቅ ነው። በየሰርጉና በየልቅሶው ስለ እሱ ሲጠየቁ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው «እንዲያው... የመንግሥት ነገር ነው» ይላሉ። እኔ እንዲያ ያለ ዘመድ ነኝ። ግሼ ራቤል ተወልጄ፣ ሰው በሐምሌ ፊቱን ለመታጠብ በሚያመነታበት ብርድ አድጌ፣ ዋና የተማርኩት ጢሜ ከበቀለ በኋላ ሆኖ ሳለ፣ የባሕር ውስጥ ሕይወት ጥበቃ ባለሙያ ሆንኩ። ሳቁ፤ ግዴለም። እናቴም ስቃለች።

ሰሞኑን የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ደውሎ «ከባሕር ጥበቃ ወደ ሳይንስ ፖሊሲ፣ ከዚያም ወደ መምህርነት የተሸጋገሩበትን የሙያ ጉዞ ለተመራቂዎቻችን ያካፍሉልን» አለኝ። የሙያ ጉዞ! ክው ነው ያልኩት። ተጓዥ ማለት እኮ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔን ከባሕር አውጥቶ ቢሮ የከተተኝ፣ ከቢሮ ደግሞ መንጭቆ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ያቆመኝ አንድ ሰው ነው፤ አማቴ። ይህ ለተመራቂ የሚነገር ስላልሆነ ለእናንተው ልንገራችሁ።

ያኔ የምሠራው በጎረቤት አገር ቀይ ባሕር ዳር ነበር። ኮራል የሚባል፣ ድንጋይ መስሎ የሚኖር እንስሳ አለ፤ ዓሣ የሚራባው እሱ ውስጥ ተጠልሎ ነው። ድርጅታችን ከባሕሩ የተወሰነውን ክልል ይዘጋል፣ ዓሣ አጥማጅ እንዳይገባበት ይከለክላል፤ እኔም ጠዋት ጠልቄ ኮራሉን አያለሁ፣ ከሰዓት በጀልባ እየዞርኩ የገባውን አስወጣለሁ። ራቤል ውስጥ ግን የባሕር ኃይል ወታደር ነው ተብሎ ተወርቶልኝ፣ ለዕረፍት በመጣሁ ቁጥር ጎረምሳው ሁሉ መሣሪያህን አሳየን እያለ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣኝ ነበር።

ከነዚህ ዕረፍቶች በአንዱ ነው ፀዳለን ያገኘኋት። ቀየት ወረዳ ጽሕፈት ቤት የምትሠራ የእንስሳት ባለሙያ ናት። ጓሳ ዳር በግ ስትከትብ ደረስኩና ሥራዬን ጠየቀችኝ። እንደ ልማዴ አንገቴን እያሻሸሁ ነገርኳት። መርፌውን እንደያዘች ቀና ብላ «ዓሣ ይታመማል?» አለችኝ። በሕይወቴ ይህንን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ወደድኳት። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ከዚያ በኋላ በስልክ ስለ ባሕሩ ስትጠይቀኝ፣ እኔም ሳብራራላት ከረምን። በመጨረሻ ራሷ «ሽማግሌ ላክ» አለችኝ።

ችግሩ አባቷ ነበሩ። አቶ ክፍሌ ኑሯቸውን በሙሉ የጓሳ ጠባቂ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው። ጓሳን ለማታውቁት፤ የመንዝ ሰው ከጥንት ጀምሮ በራሱ ሕግ የሚዘጋው፣ ሣሩ ሲደርስ ተመካክሮ የሚከፍተው ሰፊ የደጋ ሜዳ ነው። በተዘጋበት ወቅት ከብት ያስገባ፣ ለቤት ክዳን የሚሆን ሣር ያጨደ ይያዛል። ያዢው አቶ ክፍሌ ናቸው።

ይህንን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አጣ። ሽማግሌ ሆነው የሚሄዱትን አጎቴን ጋሽ ደምሴን አስቀምጬ አስጠናኋቸው። «ጋሼ፣ ስለ ሳይንሱ ምንም አይንገሯቸው። ባሕር ውስጥም ጓሳ አለ፣ ልጃችን የዚያ ጠባቂ ነው ይበሉ። በቃ።» ጋሽ ደምሴ ሐሳቡን በጣም ወደዱት። እኔም ራሴን ወደድኩት። ጠባቂ ለጠባቂ ልጁን ቢከለክል ለማን ሊሰጥ ነው?

ሙሽራ የሚሆን ሰው ከሽማግሌ ጋር አይሄድምና እኔ ቀየት ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ስጠብቅ፣ ጋሽ ደምሴ ጋቢያቸውን እየጎተቱ መጡ። አይቀመጡም። ፊታቸው ጨው የጎደለው ወጥ የቀመሰ ሰው ፊት ይመስላል።

«ምነው ጋሼ? ዘመድ ላማክር አሉ?»

«ምን ያማክራሉ! ገባቸው እኮ። አንድ ሳይቀር ገባቸው።»

ለካ ጋሽ ደምሴ እንዳስጠናኋቸው ተናግረው ሲጨርሱ አቶ ክፍሌ እንዲህ ብለዋል፦ «የልጃችሁ ሥራ ገብቶኛል። እኔም የገዛ ወንድሜን ሣር ሲያወጣ አግኝቼው ፈረሱን ከነጭነቱ ነድቼ ወስጄበታለሁ። ሕግ ነው፤ ዛሬም ቢሆን እነዳለሁ። ወንድሜ ግን ከዚያ ወዲህ ቤቴን አልረገጠም። ባለቤቴ ውኃ ስትወርድ የሚያናግራት አልነበረም፤ ልጆቼን በየሠርጉ ከኋላ ነበር የሚያስቀምጧቸው። ጠባቂ ለአገር ያስፈልጋል። ለባልነት ግን አይሆንም። ለጠባቂ ልጄን አልሰጥም።»

እስቲ ፍረዱኝ። እናቴ ያልገባትን፣ ወንድሞቼ ያልገባቸውን፣ አንዳንዴ ለቀጠረኝ ሰው ራሱ መግባቱን የምጠራጠረውን ሥራዬን እስከ ሥሩ የተረዳልኝ አንድ ሰው በምድር ላይ ተገኘ። እሱም ስለገባው ከለከለኝ! ባይገባቸው ኖሮ አሁን የሠርግ ድንኳን እያፈላለግሁ ነበር። ይባስ ብሎ የተናገሩት እውነት ነው። ባሕሩ ዳር ሻይ ስጠጣ አጠገቤ የሚቀመጥ ዓሣ አጥማጅ እንዳልነበረ ያስተዋልኩት ያን ዕለት ነው።

ፀዳለ በስልክ «አትቸኩል፣ እኔ አናግራቸዋለሁ» አለችኝ። እኔ ግን ፍቅር የያዘው ሰው ነኝ፤ ሥራዬን ለቀቅኩ። ድንገት አስደስታታለሁ ብዬ ምንም ሳልነግራት አዲስ አበባ ገባሁና የሳይንስ ፖሊሲ አርቃቂ ሆንኩ። ረቂቅ ማለት ባለድርሻ አካላት የሚባሉ ሰዎች ተሰብስበው ብስኩት የሚበሉበት ጽሑፍ ነው። ሐይቆች መቼ ለዓሣ ማስገር ይዘጉ፣ ማን ይክፈታቸው እያልኩ ስጽፍ ከረምኩ። ውኃ አላየሁም። ማንንም አልከለከልኩም። ስለዚህ ጋሽ ደምሴን እንደገና ላክኋቸው፤ ጠባቂነቱን ትቶ ሕግ ነው የሚያረቀው ይበሉ ብዬ።

ይኼኛው መልስ በስልክ ነው የመጣልኝ። አጭር ነበር። «ጠባቂ ፈረሱን የሚነዳበትን ሰው ፊት ያያል። ሕጉን የሚጽፈው አያይም። ይኼ ከፊተኛው ይብሳል።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ስብሰባው ተመለስኩ። ለባለድርሻ አካላቱ ብነግራቸው ሳያጨበጭቡ አይቀሩም፤ ለእኔ ግን ዱብ ዕዳ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እንግዲህ ራቤል ተመልሼ የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ መምህር የሆንኩት። የሙያ ጉዞ ያሉት ይህንን ነው።

ሦስተኛው ሽምግልና እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁ። አቶ ክፍሌ «መምህር» የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ አለ። «ደሞዙ ኢምንት ነው፤ ቢሆንም መምህርን የሚጠላ የለም» አሉ። ፈተና አርመው የማያውቁ ሰው ናቸው። ልጅዎን ለልጃችን ተባለ፣ ተፈቀደ፣ ተመረቀ፣ ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ። ፀዳለ ተጠርታ ገባች። እጅ ነሣችና፣ ጋሽ ደምሴ ቃል በቃል እንደነገሩኝ፣ እንዲህ አለች፦

«አባዬ፣ ደስ ብሎኛል። ግን እኔ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ባሕሩ እሄዳለሁ። እሱ የለቀቀውን ቦታ ሰጥተውኛል።»

እኔም ሻይ ቤት ይህንን ስሰማ ብርጭቆውን ያስቀመጥኩ መስሎኝ ጭኔ ላይ ደፋሁት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የፀዳለ መሥሪያ ቤት በር ላይ የተሰቀለው ታፔላ «የእንስሳትና የዓሣ ሀብት ጽሕፈት ቤት» ይላል። ቀየት ውስጥ የቆርቆሮ ካልሆነ በቀር ዓሣ የለም፤ ታፔላው ግን ለአገሩ ሁሉ አንድ ነው። ለዓሣ ባለሙያዎች ስልጠና ሲመጣ በደጋው በኩል የጠየቀች እሷ ብቻ ናት። «ስልጠና ሄጃለሁ» ስትለኝ የበግ መስሎኝ መልካም ስልጠና እያልኩ እመልስላት ነበር። ከዚያ ስልጠና ነው የድሮ ድርጅቴ የወሰዳት።

ደወልኩላት።

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው ባሕሩን የተውኩት! እንዴት ሳትነግሪኝ?»

«ስትተወው ነግረኸኝ ነበር?» አለች። ቁጣ የለባትም። «እኔ እኮ ሽማግሌ ላክ ያልኩህ ለባሕሩ ሰው ነው። ለሌላው አላልኩም።»

ስልኩን ዘግቼ ሻይ የጠጣውን ሱሪዬን ላጥብ ወጣሁ።

አቶ ክፍሌም በጋሽ ደምሴ በኩል መልእክት ላኩብኝ። አሰደባችሁኝ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ያሉት ይህ ነበር፦ «ልጄ ጠባቂ ሆናለች። ጠባቂ ማግባት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለምና ለልጁ ሳልነግረው ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። ፈራሁ ቢል አልቀየመውም።»

አልፈራም ብዬ ላክሁ። ፈርቼ ነበር፤ ግን ላክሁ። ተጋባን። እሷ ባሕሩ ዳር፣ እኔ ራቤል ነን። ዕረፍት ሲሆን እመላለሳለሁ። አንድ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ስለወሰደችበት ሰላምታ እንደነፈጋት ነግራኛለች፤ ለአባቷ ግን አልነግራቸውም። ሳልነግራቸውም ያውቁታል መሰለኝ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከአማቴ ጋር ቆመን ሳለ፣ ከመርሐቤቴ የመጡ አንድ የሩቅ ዘመዳቸው ሰላም ብለው «ፀዳለ ደግሞ የት ደረሰች? ሥራዋ ምንድን ነው?» አሏቸው። እኔ ወደ አማቴ ዞርኩ። የገዛ ወንድማቸውን ፈረስ የነዱ ሰው ናቸው፤ በዕድሜያቸው ሐሰት ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ዓይናቸውን ደጀ ሰላሙ ላይ ተከሉ።

«መምህርት ናት» አሉ።

ደነገጥኩ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ! እንግዳውም «ምንድን ነው የምታስተምረው?» አሉ። አቶ ክፍሌ ጭንቅ ብሏቸው ወደ እኔ ዞሩ። እንዲህ ሲያዩኝ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ባዮሎጂ» አልኩ።