ዘር ቆጣሪው ስልክ

ግማሹ ሥጋ፣ ግማሹ ብረት የሆነ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ልጅ ሳለሁ ጂንካ ቪዲዮ ቤት ውስጥ በፊልም አይቼ ፈርቼ ነበር። ለካ ጎረቤቴ ሊሆን ኖሯል።

ታደለ ይባላል። የልጆቹን ዕድሜ ሳይቀር የሚያውቀው ስልኩ ነው፤ የእሱ ድርሻ ቻርጅ ማድረግ ብቻ ነው።

በቀደም ሴት ልጁን ለጋብቻ ለመጠየቅ ከቀይ አፈር ከተማ ሽማግሌዎች መጡ። እኔም በጎረቤትነት ተቀምጫለሁ።

«አቶ ታደለ፣ በሥጋ እንዳንዛመድ ዘርዎን ይቁጠሩልን» አሉት ትልቁ ሽማግሌ።

ታደለ ስልኩን አወጣ። «አባቴ ሳይሞቱ ሲቆጥሩ በድምፅ ቀድቻቸዋለሁ። ግን ባትሪው አልቋል።»

መብራትም ጠፍቷል። ምን ይደረጋል? ቁጭ ብለን ጠበቅን። ልጅቷ ከመጋረጃው ኋላ አሥር ጊዜ ብቅ አለች።

መብራት ሲመጣ ስልኩ ነፍስ ዘራ። የሟቹ ድምፅ ሲሰማ ሽማግሌዎቹ በአክብሮት ተነሡ፤ ልስቅ የተዘጋጀሁት እኔም ተነሣሁ። ሰባት ትውልድ ተቆጠረ፤ ዝምድና አልተገኘም። ልጅቷ እፎይ አለች።

ታደለ ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ አባቱ ሳል አደረጉና ቀጠሉ፦ «በል እንግዲህ ልጄ፣ ያንን ነገር አስቀምጥና አንተ ደግሞ በቃልህ በልልኝ።»

ቅጂው እዚያ ላይ ያበቃል።