እጅ ያነሳ አይታለፍም

ተሸንፎ የማይሸነፍ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቆቦ፣ ጌም ቤት ውስጥ አይቻለሁ። ዓመቱን ሙሉ ስንጫወት ለእኔ እንደ ኳሱ የሚጥመኝ ጌም አልነበረም። የሚኒባስ ሾፌሩ ሰይድ ግን ከመኪና እሽቅድድሙ ወይ ፍንክች! ከቆቦ ዋጃ ሰው ጭኖ ሲመላለስ ይውልና ጆይስቲኩን ጨብጦ፣ «ወላሂ፣ ዛሬ አንደኛ ነኝ!» ይላል። ፊቱን ላየው አገር ሊያድን የተነሳ ይመስላል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? በጌሙ ውስጥ በመንገዱ ዳር የቆመ ተመልካች እጁን ሲያውለበልብ ካየ ፍሬን ይይዛል!

አንድ ቀን ሁሉንም ቀድሞ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ጥጉን ይዞ ቆመ።

«ሰይዶ፣ ንዳው እንጂ! ሥዕል እኮ ናቸው!» ብዬ ጮህኩ።

«ሰው እጁን አንስቶ እያየሁማ ባዶ መኪና አልነዳም!»

መጨረሻ ወጣ። ስንስቅበት ኮስተር ብሎ ዞረ።

«ለመሆኑ አንደኛ የገባው ማንን ጭኖ ነው የገባው?»