የአምስተርዳም እግር

[አሜሪካ፣ ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ሰፈር፤ ሁለተኛ ፎቅ። አዲስ ሶፋ በር ላይ ተሰንቅሯል። የቤቱ ጌታ፣ በወጣትነቱ ሆላንድ የተማረው ጡረተኛው መምህር ኃይለየሱስ፣ ደረጃው ላይ ቀርቷል። አብሮ አደግ ጓደኛው ገዛኸኝ ውስጥ ነው። የኃይለየሱስን ልጅ ለትዳር የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ከሳን ሆዜ ተነስተዋል።]

ኃይለየሱስ፦ ይገባል አልኩህ! በሩ ሦስት ጫማ፣ ሶፋው ሦስት ጫማ። ሜዠር አድርጌዋለሁ!

ገዛኸኝ፦ በማን ጫማ?

ኃይለየሱስ፦ በዚች! [አሮጌ የእንጨት መለኪያ ያወዛውዛል።] ከአሮጌ ዕቃ ገበያው፣ ከፍሊ ማርኬት ያገኘኋት፣ የጥንት የአምስተርዳም ናት!

ገዛኸኝ፦ ሶፋውንም በሷ ለካኸው?

ኃይለየሱስ፦ የሶፋውማ ተጽፎበት ነው የመጣው። [ድምፁ ይቀንሳል።] በአሜሪካ ጫማ።

ገዛኸኝ፦ ይለያያል እንዴ?

ኃይለየሱስ፦ [ማስተማር ሲጀምር ሶፋውን ረሳው።] እንዴታ! ድሮ ሆላንድ ውስጥ ከተማው ሁሉ የየራሱ መለኪያ ነበረው። የአምስተርዳሙ አሥራ አንድ አውራ ጣት፣ የራይንላንዱ አሥራ ሁለት!

ገዛኸኝ፦ አሥራ ሁለት አውራ ጣት! ጓንት ከየት ያገኙ ነበር?

ኃይለየሱስ፦ መለኪያ ነው እኮ፣ እንደ ኢንች! ደግሞ ጫማ አይሉትም፤ እግር ነው የሚሉት።

ገዛኸኝ፦ [ጎንበስ ብሎ ሶፋውን ከሥር እያየ] እውነትም ኃይሌ፣ ችግሩ እግሩ ነው።

ኃይለየሱስ፦ ተመስገን፣ ገባህ!

ገዛኸኝ፦ ረዝሟል።

ኃይለየሱስ፦ አጥሯል እንጂ! ከአሜሪካው ሁለት ሴንቲ ያጥራል።

ገዛኸኝ፦ በኔ በኩል ረጅም ነው። አይወልቅም?

ኃይለየሱስ፦ ድሮ ወለቀ እኮ! ሜትር ሲመጣ!

ገዛኸኝ፦ በምን አወለቁት?

ኃይለየሱስ፦ በአዋጅ ነዋ!

ገዛኸኝ፦ እኛስ ብናወልቀው?

ኃይለየሱስ፦ እኔና አንተ ማን ነንና? ያለ አዋጅ አይነካም!

ገዛኸኝ፦ እሺ። [ከኪሱ አንድ ነገር አውጥቶ ይዞ ይቆማል።]

[ታች የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ኃይለየሱስን ላብ አጠመቀው።]

ኃይለየሱስ፦ ጉዴ ፈላ፣ መጡ! ሽማግሌዎቹን ደረጃ ላይ ላስቀምጣቸው ነው? ምን ተገትረህ ታየኛለህ? እጅህ ላይ ያለውስ ምንድን ነው?

ገዛኸኝ፦ ካቻቢቴ። የሶፋውን እግር ልፈታበት።

ኃይለየሱስ፦ የሶፋውን...? [መለኪያዋን ቀስ አድርጎ ግድግዳው ላይ አስደገፈ።] ታዲያ አንተ ሰው፣ ምን ትጠብቃለህ?

ገዛኸኝ፦ አዋጁን።

ኃይለየሱስ፦ [ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ፤ ከዚያ እንደ ነጋሪት ጎሳሚ ድምፁን አጎላ።] ስማ! ያልሰማህ ስማ! እግሩም ይውለቅ፣ የአዋጅ ነጋሪውም አፍ ይዘጋ!