ዳንቴል የለበሰችው ፒካፕ

አዲስ ዕቃ ገዝተው ላስቲኩን የማይልጡ ሰዎች ታውቁ የለ? የእህቴ ባል አንዱ ነው። የአዲሷ ፒካፑ መቀመጫ እስካሁን ከነላስቲኩ ነው፤ ከመሪው ፊት ያለውን ሁሉ ደግሞ እህቴ የሠራችው ዳንቴል ሸፍኖታል። አቧራ እንዳይነካት ነው ይላል። አቧራ የማይነካት መኪና ደባርቅ ምን ልትሠራ መጣች?

ባለፈው በዚያ ብርድ ጠዋት ጎረቤታችንን አያ ካሴን ለዓይን ቀዶ ጥገና ጎንደር ልናደርስ ተሰናዳን። ቀጠሮው ስንት ወር የተጠበቀ ነው። መኪናዋ ግን አልነሣ አለች። ቁልፉን ሲያዞር ታጉረመርምና መልሳ ትተኛለች። ይኼኔ የሰፈሩ ሰው ሁሉ መካኒክ ሆነ። አንዱ ግፏት አለ፤ ሌላው ሙቅ ውሃ አመጣ፤ አንዱማ ጸበል ስላልተረጨች ነው ብሎ ፈረደ።

ጋቢያቸውን ተከናንበው ፊት ወንበር የተቀመጡት አያ ካሴ፣ “ምነው ልጄ፣ ከዳንቴሉ ሥር ቢጫ መብራት አለ አይደል?” አሉ።

ገለጥነው። ለካ የናፍጣ ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት እስኪሞቅ ጠብቁ የምትል መብራት ኖራለች። እስክትጠፋ ጠበቅን፤ መኪናዋ ባንድ ጊዜ ተነሣች። እፎይ አልን።

አያ ካሴ ዳንቴሉን አጣጥፈው ለእህቴ ባል ሰጡትና፣ “ሐኪሙ ዘንድ ስንደርስ አንተ ቅደም” አሉት።