መደገፊያ ያለው ወንበር

ሰው በሰው ቤት ሲቀና አይቻለሁ። በሰው ሚስት፣ በሰው መኪና፣ በሰው ልጅ የፈተና ውጤት የሚቀናም ሞልቷል። በሰው ወገብ የሚቀና ግን ከእኔ ሌላ አላጋጠመኝም። እናንተ የምታውቁት ካለ አገናኙኝ፤ ማኅበር እናቋቁማለን።

የራሴን ወገብ የበላው ከባድ መኪና ነው። ከቃሊቲ ጅቡቲ ሃያ ሁለት ዓመት ተመላልሼ መሪውን ለሌላ ሳስረክብ፣ እኔ ወረድኩ እንጂ ወገቤ ከዚያ መቀመጫ አልወርድም አለ። እኛ ሰፈር ደግሞ ግማሹ ሾፌር፣ ግማሹ ጆንያ ተሸካሚ፣ የቀረው ፋብሪካ ውስጥ ቆሞ የሚውል ስለሆነ ስለ ወገብ አስተያየት የሌለው ሰው አታገኙም። ባለቤቴ አስቴር የወጌሻ ወገን ናት፤ በየሳምንቱ ጋሽ ወርዶፋ ዘንድ እየወሰደች በቅቤ ታሳሸኛለች። ልጄ የሆስፒታል ወገን ነው፤ ራጅ፣ ኪኒን፣ ከባድ ነገር አታንሳ። እኔ የበሽታው ወገን ነበርኩ።

ለምን አልሆን? በሽታው ወንበር ሰጥቶኛል። የዕድራችን ድንኳን ውስጥ ያሉት ሁሉ ጀርባ የሌላቸው አግዳሚዎች ናቸው። መደገፊያ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም የዕድሩ ዳኛ በስብሰባ አስወስነው ለእኔ ወገብ የመደቡት ነው። ለቅሶ ቤት ስገባ ወንበሩ ይመጣል፣ ሰው ገለል ይላል፣ እኔም እያቃሰትኩ እቀመጣለሁ። ከዚያ ወገቡን ያመመው ሁሉ ጠጋ ብሎ ያማክረኛል። ሾፌር ሳለሁ ማንም አማክሮኝ አያውቅም።

ይህ ክብር የቆየው የሽኩር ወገብ እስኪድን ነው። ሽኩር ከስልጤ መጥቶ ቤቴ ፊት ለፊት ሱቅ የከፈተ፣ የስኳር ጆንያ ሲያነሳ ወገቡ የተቀጨ ጎረቤቴ ነው። እንደ ወጉ መጀመሪያ እኔን አማክሮኝ ወደ ጋሽ ወርዶፋ ልኬው ነበር። እሱ ግን ሳሪስ ውስጥ ውጭ አገር የተማረ ካይሮፕራክተር አለ ሲባል ሰምቶ ሄደ። የአከርካሪ ባለሙያ ነው፤ መድኃኒት አይሰጥም፣ ኦፕራሲዮን አያደርግም፣ አስተኝቶ በእጁ ቀጭ ማድረግ ብቻ። በሦስተኛው ሳምንት ሽኩር ቀጥ ብሎ እየተራመደ መጣ።

«ጋሼ በቀለ፣ አልሃምዱሊላህ፣ እንደ አዲስ ሆኛለሁ» አለኝ።

እንኳን ደስ አለህ አልኩት። ውሸቴን ነው፤ አንጀቴ አርሯል።

ከዚያ ወዲያ ሰው እኔን ትቶ ሱቁ በር ላይ ይሰበሰብ ጀመር። ሽኩር ሚዛኑን ትቶ እንዴት እንዳስተኙት፣ እንዴት እንደጠመዘዙት በምልክት ያሳያል። ጋሽ ወርዶፋ «እሱም ወጌሻ ነው፤ ነጭ ጋውን ለብሶ ቅቤ ረሳ እንጂ» ብለው አጣጣሉት። ልጄ ደግሞ ራጅ ሳያይ አንገት የሚጠመዝዝ ሰው አላምንም አለ። ከሁሉ አብልጬ የጮህኩት ግን እኔ ነኝ። ይህ ሰውዬ አንድ ቀን ሰው ሽባ ያደርጋል፣ ያኔ ትሰሙኛላችሁ እያልኩ ሰፈሩን አዳረስኩ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ ሳሪስ ሄድኩ።

ምን ላድርግ? የሱ ወገብ ድኖ የኔ እንዴት ይቀራል? ሰውዬው ትሑት ወጣት ሆኖ አገኘሁት። ራጄን አገላብጦ አየና «አባባ፣ አንዳንዱን ወገብ ይረዳል፣ አንዳንዱን አይረዳም። እንሞክረው፤ ዋስትና ግን አልሰጥዎትም» አለኝ። ከዚያ ትንፋሽዎን ያውጡ አለና፣ ቀጭ። በአምስተኛው ቀጠሮዬ የጫማዬን ክር ጎንበስ ብዬ ራሴ አሰርኩ። ስንት ዓመት አስቴር ስታስርልኝ ኖራ! እዚያው ኮሪደሩ ላይ እንባዬ መጣ።

ለማን ልንገር? ብናገር ሽኩር ልክ ሊሆን ነው፣ ወንበሩም ሊሄድ ነው። ስለዚህ ቅቤውንም ማቃሰቱንም ቀጠልኩ።

በዚህ መሐል የሰፈራችን እትዬ ፋናዬ አርፈው ድንኳን ተተከለ። ወንበሬ መጣ፣ አቃስቼ ተቀመጥኩ። ሽኩር ከጎኔ አግዳሚው ላይ ነበር። ለሚያልፈው ሁሉ ፈገግ ይላል፤ በግራ እጁ ግን አግዳሚውን ከሥር ጨብጦ ክብደቱን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ያዛውራል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ያንን አቀማመጥ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም።

«ሽኩሬ፣ ምነው?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ለማንም እንዳይናገሩብኝ፣ ጋሼ። ያሻለኝ ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ካወራሁ በኋላ ምን ብዬ አመመኝ ልበል?» አለና ወንበሬን አየት አደረገ። «እውነቱን ልንገርዎት፣ በእርስዎ እቀናለሁ። እርስዎ ቢያንስ ሲያምዎት አመመኝ ይላሉ።»

የዳነው እያቃሰተ፣ ያልዳነው እየሳቀ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ድኛለሁ ልለው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ተነሳሁና «ና፣ እዚህ ተቀመጥ» አልኩት። ሲደገፍ የለቀቀው ትንፋሽ ድንኳኑ ዳር ድረስ ተሰማ።

ሁሉም ገባው፤ የገባው ግን ግማሹ ነው። ጋሽ ወርዶፋ አላልኳችሁም ወይ በሚል ዓይን ዙሪያውን ቃኙ። የዕድሩ ዳኛ «ራሱ ታሞ ለሰው የሚያስብ!» ብለው መረቁኝ። ያ ሳሪስ ያለ ወጣት በሌለበት ስሙ ጠፋ። እሱ ያዳነኝ እኔ ግን መሐላቸው ተቀምጬ ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ወንበሩ የሽኩር ነው። ወገቡን ያመመው ሁሉ የሚያማክረውም እሱን ነው። እኔ አግዳሚው ላይ ቀጥ ብዬ ስውል ሰው ቻይነቴን ያደንቃል፤ አስቴርም የጋሽ ወርዶፋ ቅቤ ሠራ ትላለች። ወገቤን ምንም አያመኝም። ሽኩር ያንን መደገፊያ ደገፍ ሲል ሳይ ግን፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የሱ ወገብ ያምረኛል።